ሙዚቃን ከቤት ሰርቨር ወደ ሌላ ክፍል ማስተላለፍ

ሙዚቃን ከቤት ሰርቨር ወደ ሌላ ክፍል ማስተላለፍ ማለት በአንድ ኮምፒውተር ላይ የተከማቸን ሙዚቃ በቤቱ የውስጥ ኔትወርክ በኩል በሌላ ክፍል ወዳለ መሣሪያ እየላኩ እዚያው ማጫወት ነው። ሙዚቃው የሚቀመጥበት ኮምፒውተር ሰርቨር፣ በሌላው ክፍል ሆኖ ድምፁን የሚያሰማው መሣሪያ ደግሞ ተቀባይ ይባላል። ፋይሉ አስቀድሞ ወደ ተቀባዩ አይገለበጥም፤ ዘፈኑ እየተጫወተ ሳለ በትንሽ በትንሹ ይደርሳል።

ይህ አሠራር በኢንተርኔት ከሚሰጡ የሙዚቃ አገልግሎቶች የሚለየው መረጃው ከቤት ስለማይወጣ ነው። ኢንተርኔት ቢጠፋም ሙዚቃው አይቋረጥም፤ አንድ ድርጅት አገልግሎቱን ቢዘጋም ስብስቡ ባለበት ይቆያል። በቴክኒክ በኩል ግን ሁለት ጥያቄዎች መመለስ አለባቸው። የመጀመሪያው ሙዚቃው ሳይቆራረጥ እንዴት ይደርሳል የሚለው ነው። ሁለተኛውና ከባዱ ጥያቄ ሁለት ክፍሎች አንድ ዘፈን በአንድ ጊዜ ሲያሰሙ እንዴት እኩል ይሄዳሉ የሚለው ነው።

የሚያስፈልጉ መሣሪያዎች

ሰርቨሩ የግድ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ መሆን የለበትም። አሮጌ ላፕቶፕ፣ ወይም እ.ኤ.አ. በ2012 ለገበያ የቀረበውን ራስፕቤሪ ፓይን የመሰለ ትንሽ ኮምፒውተር ይበቃል። ሙዚቃ መላክ ለፕሮሰሰር ቀላል ሥራ ስለሆነ ዋናው ነገር በቂ ማከማቻ መኖሩና መሣሪያው ለረጅም ሰዓት በርቶ መቆየት መቻሉ ነው።

ሰርቨሩንና ተቀባዩን የሚያገናኘው በኬብል ወይም በዋይፋይ የሚሠራው ራውተር ነው። ተቀባዩ ሌላ ትንሽ ኮምፒውተር፣ አገልግሎት ያቆመ ስልክ ወይም ከኔትወርክ ጋር የሚገናኝ ስፒከር ሊሆን ይችላል። በተቀባዩ ውስጥ ወይም ከእሱ ጋር ተያይዞ በቁጥር የመጣውን ድምፅ ወደ ኤሌክትሪክ ሞገድ የሚለውጥ የዲጂታል–አናሎግ መቀየሪያ ይኖራል። ከዚያ በኋላ አምፕሊፋየሩ ሞገዱን ያጎላዋል፤ ስፒከሩም ያሰማዋል።

ታሪክ

ስሊም ዲቫይስስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2001 በኔትወርክ ኤምፒ3 የሚያጫውት መሣሪያ ለገበያ አቀረበ። ተከታዮቹ መሣሪያዎች ስኩዊዝቦክስ በሚል ስም ታወቁ። አፕል እ.ኤ.አ. በ2004 ኤርቱንስን አወጣ፤ ይህም በ2010 ኤርፕሌይ ተባለ። በ2018 የወጣው ኤርፕሌይ 2 በብዙ ክፍሎች በአንድ ጊዜ ለማጫወት ያስችላል። እ.ኤ.አ. በ2002 የተመሠረተው ሶኖስም የመጀመሪያ ምርቱን በ2005 ገበያ ላይ አዋለ።

ከእነዚህ ውስጥ የስኩዊዝቦክስ ታሪክ ሰርቨር በቤት መኖሩ ምን ለውጥ እንደሚያመጣ ያሳያል። ሎጊቴክ ኩባንያውን እ.ኤ.አ. በ2006 ገዛ፤ መሣሪያዎቹን ማምረት ግን በ2012 አቆመ። በ2024 ደግሞ መሣሪያዎቹ በኢንተርኔት ይገለገሉበት የነበረው ማዕከላዊ ድረ ገጽ ተዘጋ። ሆኖም የሰርቨሩ ሶፍትዌር ኮድ ክፍት ስለነበረና ሶፍትዌሩም በተጠቃሚው ቤት ስለሚሠራ አሮጌዎቹ መሣሪያዎች ሥራ አላቆሙም። ሶፍትዌሩ ዛሬ ሊሪዮን ሚውዚክ ሰርቨር በሚል ስም በበጎ ፈቃደኞች እየተሻሻለ ይገኛል።

የመረጃው መጠንና የኔትወርኩ አቅም

በሲዲ ጥራት የተቀረጸ ድምፅ በሰከንድ 44,100 ናሙናዎች አሉት። እያንዳንዱ ናሙና 16 ቢት ሲሆን ለግራና ለቀኝ ስፒከር ሁለት መስመሮች አሉ። ስለዚህ በየሰከንዱ 44,100 × 16 × 2 = 1,411,200 ቢት መጓዝ አለበት። ይህ በአንድ ሰዓት 635 ሜጋ ባይት ያህል ይሆናል።

ፍላክ የተባለው ፎርማት ከድምፁ ምንም ሳይቀንስ ፋይሉን ብዙውን ጊዜ ከ50 እስከ 70 በመቶ ወደሚሆነው መጠን ያወርደዋል። ኤምፒ3 ደግሞ ጆሮ ብዙም የማይለየውን የድምፅ ክፍል በመጣል በሰከንድ ከ128 እስከ 320 ኪሎ ቢት ያደርሰዋል። እ.ኤ.አ. በ2003 የጸደቀው የዋይፋይ ደረጃ እንኳ በሰከንድ እስከ 54 ሜጋ ቢት ያስተላልፋል። በተግባር የሚገኘው ከዚህ ግማሽ በታች ቢሆንም ለበርካታ ክፍሎች ሙዚቃ ይበቃል።

የመረጃው መጠን ከወጪ ጋርም ይያያዛል። በሰከንድ 320 ኪሎ ቢት የሚፈስ ሙዚቃ በአንድ ሰዓት 144 ሜጋ ባይት ይወስዳል፤ በየቀኑ አንድ ሰዓት ቢደመጥ በ30 ቀን 4.3 ጊጋ ባይት ገደማ ይሆናል። በኢትዮጵያ እንደተለመደው የኢንተርኔት ጥቅል በሜጋ ባይትና በጊጋ ባይት ለሚገዛ ቤተሰብ ይህ ቀላል አይደለም። ከቤት ሰርቨር የሚመጣ ሙዚቃ ግን በራውተሩ ውስጥ ብቻ ስለሚያልፍ ከጥቅሉ ምንም አይቀንስም።

ሙዚቃው የሚጓዝበት መንገድ

ሰርቨሩ ፋይሉን ያነብና ድምፁን ፓኬት ወደሚባሉ ትንንሽ ቁራጮች ይከፋፍለዋል። ፓኬቶቹ በኔትወርኩ ሲጓዙ እኩል ጊዜ አይወስዱም፤ አንዱ በ2 ሚሊ ሰከንድ ሲደርስ ሌላው 80 ሊፈጅበት ይችላል። ስፒከሩ ግን መጠበቅ አይችልም። ቀጣዩ ናሙና በሰዓቱ ካልደረሰ ድምፁ ይቆረጣል።

መፍትሔው ባፈር የሚባል ጊዜያዊ ማጠራቀሚያ ነው። አሠራሩ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ካለ ሮቶ ጋር ይመሳሰላል። የመስመሩ ውኃ ቢመጣም ቢቋረጥም ሮቶው ባዶ እስካልሆነ ድረስ ከቧንቧው የሚወርደው ውኃ አይቆምም። ተቀባዩም በመጀመሪያ የተወሰነ ድምፅ አጠራቅሞ ከዚያ ማጫወት ይጀምራል። ለአንድ ሰከንድ የሲዲ ድምፅ የሚያስፈልገው ቦታ 176,400 ባይት ብቻ ነው። ባፈሩ ሲሰፋ የመቆራረጥ ዕድሉ ይቀንሳል፤ በዚያው ልክ ግን አድማጩ ቁልፉን ከተጫነ በኋላ ድምፁ ዘግይቶ ይሰማል።

ፓኬቶቹ በሁለት ዓይነት መንገድ ሊላኩ ይችላሉ። ቲሲፒ የተባለው ፕሮቶኮል የጠፋ ፓኬት እንደገና እንዲላክ ያደርጋል፤ ይህ ግን ጊዜ ይወስዳል። ዩዲፒ እንደገና አይልክም፤ የጠፋው ጠፍቶ ይቀራል። ለሙዚቃ ግማሽ ወይም አንድ ሰከንድ መዘግየት ብዙ ስለማይጎዳ ብዙ የቤት ሶፍትዌሮች ቲሲፒን ይጠቀማሉ።

የሁለት ሰዓቶች ችግር

ሁለተኛው ጥያቄ የሚነሳው ሳሎንና ወጥ ቤት አንድ ዘፈን አብረው ሲያሰሙ ነው። እያንዳንዱ መሣሪያ ናሙናዎቹን የሚያወጣው በውስጡ ባለ ክሪስታል ምት ነው። ሁለት ክሪስታሎች ግን ፈጽሞ እኩል አይመቱም። ልዩነታቸው ከአንድ ሚሊዮን 50 እጅ ብቻ ቢሆን በደቂቃ 3 ሚሊ ሰከንድ፣ በሰዓት ደግሞ 180 ሚሊ ሰከንድ ይሆናል። ሁለቱ ክፍሎች እኩል ቢጀምሩም እኩል አይጨርሱም።

ይህን ልዩነት ጆሮ ይለየዋል። ከሁለት አቅጣጫ የሚመጣ አንድ ዓይነት ድምፅ በ30 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ውስጥ ተከታትሎ ከደረሰ ሰው ብዙውን ጊዜ እንደ አንድ ድምፅ ይሰማዋል። ልዩነቱ በጣም ሲሰፋ ሁለተኛው እንደ ገደል ማሚቶ ተለይቶ ይሰማል። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ 7 ሜትር ርቆ ያለ ስፒከር ብቻውን 20 ሚሊ ሰከንድ ይጨምራል። በኮሪደር ላይ ለቆመ ሰው ርቀቱ ራሱ የተወሰነ መዘግየት ስለሚያመጣ መሣሪያዎቹ የሚጨምሩት ስሕተት ጥቂት ሚሊ ሰከንድ ብቻ እንዲሆን ይፈለጋል።

እንደ ስናፕካስት ያሉ ሶፍትዌሮች ችግሩን በሦስት ደረጃ ይፈቱታል። በመጀመሪያ ሰርቨሩ በእያንዳንዱ የድምፅ ቁራጭ ላይ የሰዓት ምልክት ያኖራል። ቀጥሎ ተቀባዩ የራሱ ሰዓት ከሰርቨሩ በምን ያህል እንደሚለይ ይለካል። በመጨረሻም እያንዳንዱን ቁራጭ በምልክቱ ላይ ካለው ሰዓት አንድ ሰከንድን ከመሰለ ቋሚ መዘግየት በኋላ ያጫውታል። ሁሉም ተቀባዮች እኩል ስለሚዘገዩ ድምፃቸው አንድ ላይ ይወጣል።

ልኬቱ በምሳሌ ሲታይ እንዲህ ነው። ተቀባዩ በራሱ ሰዓት 100 ሚሊ ሰከንድ ላይ መልእክት ይልካል። ሰርቨሩ በራሱ ሰዓት 350 ላይ ተቀብሎ 351 ላይ ይመልሳል። መልሱ በተቀባዩ ሰዓት 105 ላይ ይደርሳል። በመሄጃው የታየው ልዩነት 350 − 100 = 250፣ በመመለሻው የታየው ደግሞ 351 − 105 = 246 ነው። የሁለቱ አማካይ 248 ስለሆነ የሰርቨሩ ሰዓት በ248 ሚሊ ሰከንድ ይቀድማል ማለት ነው። ስሌቱ ትክክል የሚሆነው መሄጃና መመለሻ እኩል ጊዜ ሲወስዱ ነው። በዋይፋይ ይህ ሁልጊዜ ስለማይሆን ልኬቱ ብዙ ጊዜ ተደግሞ መካከለኛው ውጤት ይወሰዳል።

ተቀባዩ እየፈጠነ ወይም እየዘገየ መሆኑ ሲታወቅ ጥቂት ናሙናዎች ይጨመራሉ ወይም ይቀነሳሉ። ከላይ ለተጠቀሰው ልዩነት በየሰከንዱ ከ44,100 ናሙናዎች ሁለት ያህሉን ማስተካከል ይበቃል፤ ይህን ያህል ለውጥ አድማጭ አያስተውለውም።

የአደረጃጀት ዓይነቶች

ሁሉም ቤት ክፍሎችን እኩል ማስኬድ አያስፈልገውም። እንደ ናቪድሮምና ጄሊፊን ባሉት ሶፍትዌሮች ተቀባዩ ራሱ የሚፈልገውን ዘፈን ከሰርቨሩ ይጠይቃል። ልጆች በአንዱ ክፍል አንድ ነገር፣ ወላጆች በሌላው ሌላ ነገር እንዲያዳምጡ ይህ ይመቻል። በስናፕካስት ዓይነቱ ግን ሰርቨሩ ለሁሉም አንድ ሙዚቃ ይልካል። አይስካስት እንደ ሬዲዮ ጣቢያ ለብዙ አድማጭ የሚያሠራጭ ሲሆን ለክፍሎች እኩልነት አልተሠራም፤ በሁለት ተቀባዮች መካከል የሰከንዶች ልዩነት ሊኖር ይችላል።

የዋይፋይና የመብራት ችግሮች

ወፍራም የድንጋይ ወይም የብሎኬት ግድግዳ የዋይፋይ ሞገድን ያዳክማል። የ2.4 ጊጋ ኸርዝ ሞገድ ከ5 ጊጋ ኸርዝ ይልቅ ግድግዳን በተሻለ ያልፋል፤ ነገር ግን የጎረቤት ራውተሮች ስለሚጋሩት ይጨናነቃል። ሰርቨሩን ብቻ እንኳ ከራውተሩ ጋር በኬብል ማገናኘት በአየር የሚጓዘውን መረጃ በግማሽ ይቀንሳል፤ አለዚያ እያንዳንዱ ፓኬት ከሰርቨሩ ወደ ራውተሩ፣ ከራውተሩም ወደ ተቀባዩ ሁለት ጊዜ በአየር ያልፋል።

መብራት በድንገት ሲጠፋ ደግሞ ሰርቨሩ በመጻፍ ላይ የነበረው ፋይል ሊበላሽ ይችላል። ባትሪው ያልሞተ አሮጌ ላፕቶፕ በዚህ ረገድ ከዴስክቶፕ ይሻላል። ይሁን እንጂ ራውተሩና ተቀባዩም መብራት ይፈልጋሉ። ብቸኛ ቅጂን በአንድ ዲስክ ላይ መተው አደገኛ ስለሆነ ሁለተኛ ቅጂ በሌላ ዲስክ ላይ ይቀመጣል። ይህ በተለይ ከካሴት ወደ ኮምፒውተር ለተገለበጡ ሥራዎች ያስፈልጋል። በካሴት ከወጡት የኢትዮጵያ ሙዚቃዎች ሁሉም በኢንተርኔት አገልግሎቶች ላይ አይገኙም፤ የካሴቱ ክርም በዕድሜ ይጎዳል።

የአማርኛ ስሞች

ሰርቨሩ ዘፈኖችን የሚያደራጀው በፋይሉ ውስጥ በተጻፈ መለያ መረጃ ነው። አሮጌው የኤምፒ3 መለያ ለአንድ ርዕስ 30 ባይት ብቻ ስለሚሰጥና ለላቲን ፊደል ስለተሠራ ፊደልን በትክክል አይዝም። ፍላክና አዲሶቹ የኤምፒ3 መለያዎች ግን ዩኒኮድን ስለሚቀበሉ አማርኛ ይጻፍባቸዋል። ፀሐይ፣ ጸሐይና ፀሀይ ለአንባቢ አንድ ስም ቢሆኑም ለሰርቨሩ ሦስት የተለያዩ ድምፃውያን ናቸው። ስለዚህ ለመላው ስብስብ አንድ አጻጻፍ መምረጥ ያስፈልጋል። አንዳንድ ሶፍትዌሮች ስሞችን በቤተሰብ ስም ቅደም ተከተል ያስቀምጣሉ፤ ለኢትዮጵያውያን ግን ትክክለኛው በራስ ስም መጀመር ነው።

ደኅንነትና የቅጅ መብት

የቤት ሰርቨር ለውስጥ ኔትወርክ ብቻ ክፍት መሆን አለበት። ስናፕካስትን የመሰሉ ሶፍትዌሮች በሚታመን ኔትወርክ ውስጥ እንዲሠሩ ታስበው የተዘጋጁ ስለሆኑ በራውተሩ በኩል ለኢንተርኔት መክፈት ለማይታወቅ ሰው በር መክፈት ነው። ለዋይፋዩም ጠንካራ የይለፍ ቃል ያስፈልጋል።

በኢትዮጵያ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አንድ ግለሰብ ለኅትመት ከበቃ ሥራ ለግል ጥቅሙ ብቻ አንድ ቅጂ እንዲያዘጋጅ ይፈቅዳል። የገዙትን ሲዲ ወይም ካሴት በቤት ለማዳመጥ መገልበጥና ቅጂውን ለሌሎች ማሠራጨት ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ለማሠራጨት የመብቱ ባለቤት ፈቃድ ያስፈልጋል።