የሆድን ግድግዳ የሚያነብ ማሽን

በዋግ፣ በሰሃላ የሚኖር ገበሬ እርከን ሊሠራ ድንጋይ ሲያነሳ ብሽሽቱ ላይ እብጠት ብቅ ይልበታል፤ ማታ በጀርባው ሲንጋለል ጉርር ብሎ ይመለሳል። ይህ ቡአ ነው። የሆድ ግድግዳ ጡንቻ ሲሳሳ አንጀት በሚፈጠረው ቀዳዳ ሾልኮ ይወጣል። ሕመሙ ስለማይጠናበት በመቀነት ጠበቅ አድርጎ ዓመታት የሚገፋ ብዙ ነው።

ቡአን ለማከም ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል። ሐኪሙ አንጀቱን ወደ ቦታው መልሶ ቀዳዳውን ይሰፋል፣ አለዚያም በመረብ ይደግፈዋል። የፋብሪካው መረብ ውድ ነው። በምሥራቅ ኡጋንዳ 302 ወንዶች የተሳተፉበት፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት ግን ከአጎበር ጨርቅ ተዘጋጅቶ ከጀርም የጸዳ መረብም በአንድ ዓመት ክትትል ከውዱ የማያንስ ውጤት እንዳለው አሳይቷል።

ሐኪሞችን ይበልጥ የሚያስጨንቀው በቀድሞ ቀዶ ሕክምና ጠባሳ ላይ የሚወጣው ሰፊ ቡአ ነው። ሆዱ ከተከፈተ በኋላ ጡንቻው አልገጥም ቢልስ? ቁስሉ ቢያመረቅዝስ? ሰው ሠራሽ አስተውሎት የገባው ይህን አስቀድሞ ለመገመት ነው። ሲቲ ስካን ሆድን እንደ ድፎ ዳቦ በስሱ እየቆረሰ ያሳያል። ኮምፒውተሩ ምስሉን ታካሚው በኋላ ከገጠመው ነገር ጋር እያያያዘ ይማራል፤ ከዚያ አዲስ ምስል ሲሰጠው ይገምታል።

በአሜሪካ፣ ሰሜን ካሮላይና የሚሠሩ ሐኪሞች በ369 ታካሚዎች ምስል እንዲህ ያለ ፕሮግራም አስተምረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2021 አሳተሙ። የትኛው ቀዶ ሕክምና ውስብስብ እንደሚሆን ፕሮግራሙ ከመቶ 81 ያህሉን በትክክል ለየ፤ ያንኑ ምስል ያዩት ልምድ ያላቸው ቀዶ ሐኪሞች ያገኙት 65 ያህሉን ነበር። የቁስል ማመርቀዝንም ደህና አድርጎ ተነበየ። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ሳንባው የሚደክምበትን ታካሚ ለመለየት ሲጠየቅ ግን ግምቱ ሳንቲም ወርውሮ ከመገመት ብዙም አልተሻለም።

ማሽኑ የሚያውቀው የተማረበትን ሰው አካል ነው። በድርቅ የከሳውን፣ በእርሻና በሸክም የጠነከረውን የዋግ ገበሬ ሆድ እንዲያነብ ከተፈለገ በእኛው ሰው ምስል መማርና መፈተን አለበት። አዲስ አበባ የሚገኘው የኢትዮጵያ አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ኢንስቲትዩትና የሕክምና ትምህርት ቤቶቻችን ይህን ሥራ እንደ ራሳቸው ቢይዙት ደስ ይለኛል።

የብሽሽት ቡአ ግን አብዛኛውን ጊዜ ማሽን አይጠብቅም። ሐኪሙ ታካሚውን አስቁሞ እጁን ብሽሽቱ ላይ ያደርግና «አባ፣ እስቲ አንዴ ይሳሉ» ይላል። እብጠቱ እጁን ገፋ ያደርገዋል፤ ምርመራው ይኸው ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ የተቀናጀ ድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያዎችን ማሠልጠኗም እንዲህ ያለው ሕክምና ከትልልቅ ከተሞች ርቆ ለሚኖረው ሰው እንዲቀርብ ነው።

አደጋው አንጀቱ በቀዳዳው ሲታነቅ ነው። ደም ይቋረጥበትና በሰዓታት ውስጥ መሞት ይጀምራል። ስለዚህ እብጠት ያለብህ ወገኔ፣ ሳይታነቅ በጊዜ ታከም። እብጠቱ ጠንክሮ አልመለስ ካለህ፣ ሕመሙ ከጠናብህ ወይም ካስመለሰህ ደግሞ አትሸው፤ እስኪነጋ ሳትጠብቅ ወደ ሆስፒታል ገስግስ።