ስልኬ ከመገናኛ እስከ ጎሮ

ዓይነ ስውር እግረኛ በስልኩ ጂፒኤስ ይጠቀማል ሲባል ብዙ ሰው በሐሳቡ የሚስለው አንድ ነገር ነው፤ ሰውየው ኢርፎኑን ሰክቶ፣ ስልኩ «ወደ ቀኝ ታጠፍ፣ ወደ ግራ ታጠፍ» እያለው፣ እሱም የታዘዘውን እየፈጸመ ሲሄድ። ቦሌም ይሁን ገርጂ በትሬን ይዤ ስሄድ «ስልክህ ይመራህ የለ እንዴ?» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ይህ ግምት መሣሪያውን ከአቅሙ በላይ ያገንነዋል፣ ዋናውን ጥቅሙን ደግሞ ይሸፍነዋል። ስልኬ አይመራኝም። የሚመሩኝ በትሬ፣ ጆሮዬና እግሬ ሥር ያለው መሬት ናቸው። ስልኬ የሚነግረኝ የት እንዳለሁ ነው፤ ይህም ትንሽ ነገር አይደለም።

አሠራሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ከ20,000 ኪሎ ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ምድርን የሚዞሩ ሳተላይቶች ሰዓታቸውንና ያሉበትን ቦታ ሳያቋርጡ ያሰራጫሉ። ስልኩ ቢያንስ ከ4 ሳተላይቶች የሚመጣውን ምልክት ተቀብሎ፣ እያንዳንዱ ለመድረስ የፈጀበትን ጊዜ አስልቶ ቦታውን ያገኛል። ሳተላይቱ እንደ ራዲዮ ጣቢያ ነው፤ ያወራል እንጂ ማን እንደሚያዳምጠው አያውቅም። ስለዚህ ጂፒኤስ ዳታ አይበላም። የአካባቢው ካርታ አስቀድሞ ከወረደ፣ ካርድ ያለቀበት ስልክም ቢሆን የት እንዳለ ያውቃል። ዳታ እንዳይቆጥርባቸው ሲሉ ሎኬሽን ዘግተው ለሚዞሩ ወዳጆቼ ይህን ስንቴ እንደነገርኳቸው እነሱ ያውቃሉ። ስልኩ ላይ የተጻፈውን አንብቦ የሚያሰማን ደግሞ ስክሪን ሪደር ነው፤ በአንድሮይድ ቶክባክ፣ በአይፎን ቮይስኦቨር። ሁለቱም ወደ ስልክ የመጡት እ.ኤ.አ. በ2009 ነው።

ብዙዎች ጂፒኤስን ለሹፌር ተሠርቶ ለእኛ የተረፈ አድርገው ያስቡታል። ግን ጂፒኤስ ገና ሙሉ በሙሉ ሥራ ሳይጀምር፣ እ.ኤ.አ. በ1985፣ ጃክ ሉሚስ የተባሉ የሥነ ልቦና ምሁር በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንታ ባርባራ ለዓይነ ስውራን መንገድ የሚጠቁም መሣሪያ በሳተላይት መሥራት ይቻላል ብለው ሐሳብ አቀረቡ። አብረዋቸው የሠሩት ሬጂናልድ ጎሌጅ ጂኦግራፈር ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰው ቦታን በአእምሮው እንዴት እንደሚይዝ ሲያጠኑ ኖረው እ.ኤ.አ. በ1984 የዓይናቸውን ብርሃን ያጡ ሰው። የመጀመሪያው መሣሪያቸው በጀርባ የሚታዘል ነበር። በዚያ ጊዜ የአሜሪካ መንግሥት ለሲቪሎች የሚለቀቀውን ምልክት ሆን ብሎ ያዛባው ስለነበር ስህተቱ እስከ 100 ሜትር ይደርስ ነበር። ያ የተነሳው እ.ኤ.አ. በግንቦት 2000 ነው። ዛሬ ሰማይ በደንብ በሚታይበት ሜዳ ላይ አንድ ስልክ 5 ሜትር ገደማ ብቻ ይስታል።

ይህች 5 ሜትር ናት የነገሩ ሁሉ ቁልፍ። ለእግረኛ 5 ሜትር ማለት በእግረኛ መንገዱና በአስፋልቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ በክፍት ቱቦና በደህና መሬት መካከል ያለው ልዩነት ነው። ስልኩ «ደርሰሃል» ሲል እኔ ከበሩ ፊት ልሁን፣ ከአጥሩ ጀርባ ልሁን፣ ከመንገዱ ማዶ ልሁን አያውቅም። ለታክሲ ተሳፋሪ ግን 5 ሜትር ምንም አይደለም። ለዚህ ነው በአዲስ አበባ የስልክ ጂፒኤስ ትልቁን ውለታ የሚውልልን በእግር ስንሄድ ሳይሆን ሚኒባስ ውስጥ ስንቀመጥ ነው የምለው። ይህን የሚያስተምር ሰው ብዙም አልገጠመኝምና ልዘርዝረው።

ከመገናኛ የተነሳ የጎሮ ታክሲ ኢምፔሪያልን፣ ገርጂን፣ ጃክሮስን አልፎ ይሄዳል። ዓይን ያለው ተሳፋሪ አንዴ በመስኮት ገልመጥ ብሎ መውረጃውን ያውቃል። እኛ ድሮ የነበሩን አማራጮች ሁለት ናቸው። አንደኛው ረዳቱን መለመን ነው፤ «ወንድሜ፣ ጃክሮስ ስንደርስ ንገረኝ፣ አደራ።» ረዳቱም ከልቡ «እሺ፣ ምንም አታስብ» ይላል። ከዚያ ሂሳብ ይሰበስባል፣ መልስ ይፈልጋል፣ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «ጎሮ! ጎሮ! አንድ ሰው!» ይጣራል፣ ዝርዝር ከሌለው ተሳፋሪ ጋር ይከራከራል። መውረጃዬ ካለፈ በኋላ «ውይ! አንተን ረሳሁህ!» ይላል። ክፋት የለበትም፤ እጁም አፉም ሥራ ላይ ነው። ሁለተኛው አማራጭ መንገዱን በሰውነት መሸምደድ ነው፤ የቱ ጋ እንደሚታጠፍ፣ የቱ ጋ ጉብታ እንዳለ፣ የቱ ጋ የዳቦ ሽታ እንደሚገባ። ይህ ጥሩ ሙያ ነው፤ ዛሬም አልተውኩትም። ነገር ግን መንገድ ሲዘጋጋ ሹፌሩ በውስጥ ለውስጥ ሰንጥቆ ይወጣል፤ ያኔ የተሸመደደው ሁሉ ገደል ይገባል።

መውረጃን ማለፍ ዓይን ላለው ሰው ጥቂት ወደ ኋላ መራመድ ነው። ለዓይነ ስውር ግን በማያውቀው ቦታ መውረድ ነው፤ ቀለበት መንገድ አጠገብ ከሆነ ደግሞ የት እንዳለ የማያውቀውን የእግረኛ መሸጋገሪያ ድልድይ መፈለግ ነው።

አሁን የማደርገውን ልንገራችሁ። መውረጃዬን ካርታው ላይ ቀድሜ በስሙ አስቀምጬዋለሁ። በመስኮት በኩል እቀመጣለሁ፤ ምልክቱ በጣሪያው ቆርቆሮ አይገባም፣ በመስታወቱ ግን ይገባል። አንድ ኢርፎን በአንድ ጆሮዬ ብቻ፤ ሌላው ጆሮዬ ለታክሲው ነው። ስልኩ ወደ ነጥቡ የቀረውን ርቀት ያነብልኛል። ታክሲው በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ቢሄድ በአንድ ሰከንድ 11 ሜትር ይጓዛል። ስልኩ አንድ ዓረፍተ ነገር ተናግሮ እስኪጨርስ 30 ሜትር አልፏል፤ ረዳቱ ለሹፌሩ ነግሮ፣ ሹፌሩ መስመር ቀይሮ ዳር እስኪይዝ ሌላ ብዙ ሜትር ይሄዳል። ስለዚህ 100 ሜትር ሲቀር መናገር ዘግይቷል። እኔ 300 ሜትር ሲቀር «ጃክሮስ ወራጅ አለ!» እላለሁ። ያኔ ግማሽ ደቂቃ የማትሞላ ጊዜ አለኝ፤ በትሬን ለመዘርጋት፣ ቦርሳዬን ለመያዝ፣ ከጎኔ ያለውን ሰው ይቅርታ ለመጠየቅ ትበቃለች።

ከዚህ የሚገኘው ከመውረጃ ይበልጣል። አንድ ጊዜ በአያት መስመር አንዲት እናት አጠገቤ ተቀምጠዋል፤ ከንግግራቸው ለከተማው እንግዳ መሆናቸው ያስታውቃል። «ልጄ፣ ሲኤምሲ አለፍን እንዴ?» አሉኝ። «ገና ነው እማማ፣ ጉርድ ሾላን አሁን ማለፋችን ነው፤ ስንቃረብ እነግርዎታለሁ» አልኳቸው። ስንቃረብም ነገርኳቸው። ሊወርዱ ሲነሱ በትሬ ነካቸው መሰለኝ፣ ቆም ብለው እጄን ጨበጡና «ተባረክ» ብለው ወረዱ። ከተማው ውስጥ መንገድ ጠያቂ ብቻ ሆኖ የኖረ ሰው መንገድ ጠቋሚ ሲሆን ምን እንደሚሰማው ለማስረዳት ቃል ያጥረኛል።

በዙሪያ ያለውን ብቻ እየጠሩ የሚሄዱ መተግበሪያዎች የተሠሩት ሰው የት እንዳለ እንዲያውቅ ነው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው ሳውንድስኬፕ «ታጠፍ፣ ቁም» አይልም ነበር፤ ፋርማሲው በቀኝ ካለ የፋርማሲውን ስም በቀኝ ጆሮ በኩል ያሰማል። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2023 ቢያቆመውም ኮዱን ለሕዝብ ስለለቀቀው ሌሎች ቀጥለውበታል። በአንድሮይድ ኦስምአንድ የተባለው መተግበሪያ ከኦፕን ስትሪት ማፕ ካርታ ጋር ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። እኔ በዚህ ዓይነት መተግበሪያ ነው ለዓመታት ያለፍኩበት መንገድ ላይ መጻሕፍት መደብር እንዳለ ያወቅሁት።

ወደ እግር ጉዞ ስንመጣ ትልቁ ችግር አቅጣጫ ነው። ቆሞ ያለ ስልክ ፊቱ ወዴት እንደሆነ ከሳተላይት ማወቅ አይችልም። ኮምፓስ አለው፤ ኮምፓሱ ግን የሚሠራው የምድርን የማግኔት ኃይል በመለካት ነውና የብረት አጥር፣ የቆመ መኪና፣ የባቡር ሐዲድ ያሳስተዋል። ከታክሲ ወርዶ ወዲያው «ወደ ሰሜን ሂድ» የሚለውን አምኖ የሚራመድ ሰው አደጋ ላይ ነው። መፍትሔው ግድግዳ ወይም የመንገድ ጠርዝ በበትር ይዞ ጥቂት እርምጃዎች ቀጥ ብሎ መሄድና ርቀቱን ማዳመጥ ነው። 120 የነበረው 110 ካለ መንገዱ ልክ ነው፤ 130 ካለ መዞር ነው። ሰው ሲራመድ ስልኩም ፊቱ ወዴት እንደሆነ ይገባዋል።

ከመስቀል አደባባይ ወደ ቦሌ በሚወስደው የአፍሪካ ጎዳና፣ ፎቆቹ በተደረደሩበት ሁሉ፣ ምልክቱ መስታወት ላይ ነጥሮ ስለሚመጣ ስልኩ ድንገት ከመንገዱ ማዶ ነህ ሊል ይችላል። በመገናኛ ድልድዮች ሥር ደግሞ ሰማዩ ስለሚከለል ምልክቱ ይጠፋል ወይም ይዘላል። እነዚህ ቦታዎች ላይ ስልኩን ኪስ ከትቶ ሰው መጠየቅ ይሻላል። የሰሚት ወይም የአያት ኮንዶሚኒየም ውስጥ ግን ሰማዩ ክፍት ነው፤ እዚያ ችግሩ ሌላ ነው፤ ሕንጻዎቹ ተመሳሳይ ናቸው፣ የብሎክ ቁጥሩ ግድግዳ ላይ በቀለም ተጽፏል፣ በቀለም የተጻፈ ቁጥር ደግሞ በትር አያነበውም።

ስለዚህ የራስን ነጥብ ማስቀመጥ ትልቅ ሙያ ነው። ከሚያይ ሰው ጋር አንድ ጊዜ ይኬዳል። በሩ ላይ ሲደረስ ስልኩን በእጅ ወጣ አድርጎ ትንሽ መታገስ ያስፈልጋል፤ እንደቆሙ ወዲያው የሚያዘው ነጥብ ብዙ ጊዜ ይስታል። ከዚያ በሚገባ ስም ይቀመጣል፤ «ክሊኒክ» ብሎ ሳይሆን «ክሊኒክ፣ የብረት በር፣ ከኮብልስቶኑ በኋላ በግራ» ብሎ። የመጨረሻዋን 5 ሜትር የምትጨርሰው ይህች መግለጫ ናት። ነጥቡን ማደስም ያስፈልጋል። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት ከቦሌ አየር ማረፊያ እስከ መገናኛ ያለውን መስመር ጨምሮ ብዙ ቦታ ቀይሯል፤ ታክሲ መያዣ ተነሥቷል፣ የእግረኛ መንገዱ ሰፍቷል፣ በር የነበረው አጥር ሆኗል። ስልኩ ይህን ሁሉ የሚያውቀው አንድ ሰው ሲነግረው ብቻ ነው።

ለእኛ ለራሳችን አንድ ኃይለ ቃል አለኝ። ሁለቱንም ጆሮ በኢርፎን ደፍኖ አስፋልት የሚሻገር ዓይነ ስውር አይቻለሁ ሲባል እናደዳለሁ። መኪና የሚሰማው በጆሮ ነው፤ ጂፒኤስ ደግሞ መኪና አያውቅም። የተቆፈረ መንገድ፣ የተከፈተ ማንሆል፣ የተከመረ አሸዋም አያውቅም። በትሩን ቤት ትቶ ስልክ ብቻ ይዞ የወጣ ሰው መሣሪያውን አልተረዳውም። ስልኩንም እጅ ላይ አንጠልጥሎ መሄድ ለነጣቂ ማመቻቸት ነው፤ የደረት ኪስ ይበቃዋል።

የምታዩ ወዳጆቻችንም ብትሆኑ ከወቀሳ አታመልጡም። «ሎኬሽን ላክልኝ» ስትባሉ ከካፌ ሦስተኛ ፎቅ ተቀምጣችሁ አትላኩ፤ ኮንክሪቱ ነጥቡን ጎረቤት ግቢ ይጥለዋል። ከመገመትም ተቆጠቡ፤ ካርታውን በጣት ነክቶ «እዚህ አካባቢ» ብሎ መላክ ለሹፌር ይሆን ይሆናል፣ ለበትር አይሆንም። ወደ ግቢው በር ውረዱ፣ በሩ ላይ ቁሙ፣ ስልኩ እስኪረጋጋ ጠብቁ፣ ከዚያ ላኩ። ከነጥቡ ጋር ሦስት ነገር ጻፉልን፤ ከመገናኛ ሲመጣ በቀኝ ነው በግራ፣ በሩ ምን ዓይነት ነው፣ ከበሩ ፊት ቦይ ወይም ደረጃ አለ ወይስ የለም። ሱቅና ክሊኒክ ያላችሁም የድርጅታችሁን ስም ካርታው ላይ ስታስገቡ በአማርኛም ጻፉት፤ ነጥቡንም ከጣሪያው መሐል አንሥታችሁ በሩ ላይ አድርጉት።