አውጫጭኝ በመጽሐፍ

የፋሲካ ዕለት ከሰዓት በኋላ ለገጣፎ ጸጥ ትላለች። ዶሮው ተበልቷል፤ ሌሊቱን በቅዳሴ ያነጋው ሰው እንቅልፍ ላይ ነው፤ የደሴው መንገድ እንኳ ጭር ይላል። እኔ ለዚህ ሰዓት የማቆየው መጽሐፍ አለኝ፦ ደም የማይበዛበት፣ በሁለት ቀን የሚያልቅ፣ አንድን አገር አንድን ሰፈር ይዞ የሚሄድ የመርማሪ ልብ ወለድ።

ዘንድሮ የያዝኩት እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመው የአሌክሳንደር ማኮል ስሚዝ ሥራ ነው። ዋና ገጸ ባሕርይዋ ፕሬሸስ ራሞትስዌ ከአባቷ የወረሰችውን ከብት ሸጣ በቦትስዋና ዋና ከተማ በጋቦሮኔ የምርመራ ቢሮ ትከፍታለች። ሽጉጥ አትታጠቅም። ትንሽ ነጭ መኪናዋን ትነዳለች፣ ሮይቦስ ሻይዋን ትጠጣለች፣ ሰው ታናግራለች። አገሩን ስለምታውቅ ማን ምን እንደሚደብቅ ይገባታል።

በበዓል እንዲህ ያለ መጽሐፍ ማንበብ በኖርዌይ የቆየ ልማድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1923 ከፋሲካ በፊት፣ ኖርዳል ግሪግና ኒልስ ሊ ስለ ባቡር ዝርፊያ የጻፉት ልብ ወለድ ማስታወቂያ በጋዜጣ ፊት ገጽ እንደ ዜና ወጣ፤ ብዙ ሰው የቤርገን ባቡር በእርግጥ የተዘረፈ መሰለው። ከዚያ ወዲህ እዚያ ፋሲካና የወንጀል ታሪክ አልተለያዩም።

በአማርኛ የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ ሲነሳ ይልማ ሀብተየስ ይጠቀሳል፤ ማሞ ውድነህም በስለላ ትርጉሞቹ ብዙ አንባቢ አፍርቷል። የዘውጉ ሥር ግን ለእኛ ከመጽሐፍም ይቀድማል እላለሁ። አውጫጭኝ ነበረን፤ አፈርሳታም ይባላል። ከብት ሲሰረቅ ወይም ሰው ተገድሎ ገዳዩ ሲሰወር የአካባቢው ሰው ሁሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። ጥፋተኛው ሳይታወቅ ወደ ቤት መመለስ የለም። ሰው ጠላት እንዳያፈራ የሚያውቀውን በግልጽ ሳይሆን በምስጢር ለተመረጡት ያሾከሹካል፤ ምስጢር አቀባዩ «ወፍ» ይባላል። በቀለኛ ሰው ንጹሑን ሊያስወነጅልበት ስለሚችል ሥርዓቱን አላሞግሰውም። ግን የተመሠረተበት እምነት የመርማሪ ልብ ወለድም እምነት ነው፦ እውነቱ ከሰፈሩ አልወጣም፤ አንድ ሰው አይቷል።

አዲስ ቤት በበዛበት በለገጣፎ ጎረቤት ከጎረቤት ባይተዋወቅ እንኳ ዘበኛው፣ ቡና የምታፈላዋ ልጅና ባጃጅ ነጂው የሁሉንም መውጫና መግቢያ ያውቃሉ። እዚህ የሚፈጠር መርማሪ መጀመሪያ የሚያንኳኳው የእነሱን በር ይሆናል።

አክስቴ በልጅነቷ መንዝ ውስጥ አባቷ ለአውጫጭኝ ሲቀመጡ አይታለች። ቡናውን ስትቆላ የመጽሐፉን ታሪክ ነገርኳት፦ ባሏ ድንገት የጠፋባት ሴት ወደ ራሞትስዌ መጣች፤ ሰውየው በቅርቡ የአንድ ቤተ ክርስቲያን አባል ሆኖ ነበር።

«ታዲያ ምን ያስጨንቃታል?» አለች ምጣዱን ከእሳቱ እያነሳች። «አብረውት የጸለዩትን ትጠይቅ። ወፉ እዚያ ነው።»

ገጹን ገለጥኩ። ራሞትስዌ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች እየሄደች ነበር።