የእንግሊዝኛን ቃል በፍችና በምሳሌ ስለ መማር

የውጭ አገር ቋንቋ ለመማር የሚነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በደብተሩ በግራ በኩል የእንግሊዝኛውን ቃል፥ በቀኝ በኩል የአማርኛውን ፍች ጽፎ በቃሉ ያጠናል። ትጋቱ የሚመሰገን ነው፤ ነገር ግን ቃል በአንድ ቃል ብቻ የተፈታ እንደ ሆነ ምሥጢሩ ሳይገለጥ ይቀራል። የአንዱ አገር ቃል ከሌላው አገር ቃል ጋራ ልክ ለልክ አይገጥምምና።

ይህንንም ለማስረዳት «ቦሮው» የሚለውን ቃል እንመልከት። በእኛ ቋንቋ ገንዘብ ወይም እህል ወስዶ ምትኩን የሚመልስ ሰው «ተበደረ» ይባላል፤ መጽሐፍ ወይም በቅሎ ወስዶ ያንኑ የሚመልስ ግን «ተዋሰ» ይባላል። እንግሊዝኛ ይህን ሳይለይ ሁለቱንም «ቦሮው»፥ የሰጪውንም ሥራ «ሌንድ» ይላል። እንግዲህ «ቦሮው ማለት ተበደረ» ብሎ ብቻ የጻፈ ተማሪ፥ መጽሐፍ ለመዋስ የፈለገ ጊዜ ቃል ያጣል። ሁለቱን ቃላት ያለዋወጠ እንደ ሆነ ደግሞ በደብዳቤው ላይ ባለዕዳው አበዳሪ፥ አበዳሪውም ባለዕዳ ይሆናል። ነገር ግን «ቦሮው፥ ልመልስ ብሎ ከሌላ ሰው መውሰድ» ብሎ ፍቹን ከጻፈ በኋላ «አይ ቦሮድ ኤ ቡክ ፍሮም ማይ ብራዘር» ይኸውም «ከወንድሜ መጽሐፍ ተዋስሁ» የሚል ምሳሌ ቢጨምርበት አይሳሳትም። «ፍሮም» የሚለው ቃል እንደሚከተለውም በዚያው ይማራል።

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚያሻቸው አጫጭሮቹና ዘወትር የሚነገሩት ቃላት ናቸው። «ዩ ሜይ ጎ» ማለት «ብትወድ መሄድ ተፈቅዶልሃል» ማለት ነው፤ «ዩ ማስት ጎ» ግን «መሄድ ግዴታህ ነው» ማለት ነው። በፈቃድና በግዴታ መካከል ያለው ልዩነት ምን ያህል እንደሚከብድ በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል ምስክር ነው። የ17ኛው ክፍል አማርኛ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከአውሮፓ ነገሥታት ጋራ ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አጋዥነት መላላክ ይቻላቸዋል ሲል፥ የኢጣልያንኛው ግን ግዴታ አድርጎት ነበር። ከዚህም የተነሣው ጠብ እስከ ዐድዋ ጦርነት አድርሷል።

በፍችና በምሳሌ መማር ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የቤተ ክህነት ተማሪ ግሡን በቃሉ ካጠና በኋላ የቃሉን ኃይል የሚያገኘው በቅኔውና በመጻሕፍት ትርጓሜ ውስጥ ሲመላለስ ሲያየው ነው። በእንግሊዝም አገር ሳሙኤል ጆንሰን በአውሮፓ አቈጣጠር በ1755 ባሳተመው መዝገበ ቃላት ከ42,000 የሚበልጡ ቃላትን ሲፈታ ከደራስያን የወሰደውን ምሳሌ አያይዞ ነበር። በኋላም በቤንጋል ያስተምር የነበረው ማይክል ዌስት፥ ከጄምስ ኤንዲኮት ጋራ በ1935 ባወጣው መዝገበ ቃላት 24,000 ያህል ቃላትንና አነጋገሮችን በ1,490 ቀላል ቃላት ብቻ ፈታ። ይህ ሊቅ በ1953 ለተማሪ እጅግ የሚጠቅሙትን 2,000 ያህል ቃላት መርጦ አሳትሟል።

ቤተ ሰቡን ለማስተማር የሚወድ ሰው እንዲህ ያድርግ። በየማታው 5 ቃላት ይምረጥ፤ ለእያንዳንዱም ሦስት መስመር ይጻፍ። በመጀመሪያው ቃሉን፥ በሁለተኛው በቀላል አነጋገር ፍቹን፥ በሦስተኛው ከቤቱ ኑሮ የተወሰደ ምሳሌ ያኑር። ምሳሌውን ልጆቹ ራሳቸው ቢያወጡት ይሻላል፤ ሰው የራሱን ነገር አይረሳምና። በሰባተኛው ቀን አዲስ ቃል ሳይጨመር እናትም አባትም ልጆችም እርስ በርሳቸው ይጠያየቁ። በሳምንት 30 ቃላት የያዘ ቤተ ሰብ 2,000ውን ቃላት በ67 ሳምንት ይፈጽማል። ይህም ከአንድ ዓመት ተኩል ያነሰ ጊዜ ነው፤ ፍሬው ግን ደብዳቤ ሲጻፍና ውል ሲፈረም ዕድሜ ልክ ያገለግላል።