የካርቶኑ ጊታር ትምህርት

በባርሴሎና የሙዚቃ ሙዚየም ውስጥ አንድ ያልተለመደ ጊታር አለ። ፊቱ እንደማንኛውም ጥሩ ጊታር ከስስ የስፕሩስ ሳንቃ የተሠራ ነው፤ ጀርባውና ጎኑ ግን እንጨት ሳይሆን ካርቶን ነው። የሠራው አንቶንዮ ደ ቶሬስ እ.ኤ.አ. በ1817 በስፔን አልሜሪያ አቅራቢያ ተወለደ፤ በልጅነቱ አናጢነት ተማረ፤ በኋላም ዛሬ ክላሲካል ጊታር የምንለውን መሣሪያ መልክ አስያዘ። እ.ኤ.አ. በ1862 ካርቶን የመረጠው እንጨት አጥቶ አልነበረም። የጊታር ድምፅ በዋናነት የሚወለደው ከፊት ሳንቃው መሆኑን ሠርቶ ለማሳየት ነበር። በቤቱ ጓዳ ወይም በአንዲት ጠባብ ክፍል ጊታር ልሥራ ብሎ የሚያስብን ሰው ብዙ ጊዜ ወደኋላ የሚጎትቱት ሁለት ስጋቶች ናቸው፤ አንዱ ውድ እንጨት፣ ሌላው ውድ ማሽን። የቶሬስ ካርቶን ግን ከ160 ዓመት በፊት ለሁለቱም መልስ ሰጥቷል። ጥሩ ጊታር የሚሠራው በሳንቃው ስስነትና ያንን ስስነት በሚለካው እጅ ነው፤ ይህ ደግሞ በቤት ውስጥ ሊለመድ የሚችል ሙያ ነው።

ነገሩን ለመረዳት ክር ብቻውን ምን ያህል ደካማ እንደሆነ ማሰብ ይበቃል። በሁለት ሚስማሮች መካከል የተወጠረ ክር ቢመታ ድምፁ እምብዛም አይሰማም፤ ቀጭን ስለሆነ አየሩን ሰንጥቆ ያልፋል እንጂ አይገፋውም። ጊታር ላይ ግን ክሩ የታሰረበት ብሪጅ ከፊት ሳንቃው ጋር ተጣብቋል። ክሩ ሲንቀጠቀጥ ሳንቃውን አብሮ ያንቀጠቅጠዋል፤ ሰፊው ሳንቃም ከፊቱ ያለውን አየር እንደ ከበሮ ቆዳ ይገፋል። በሳጥኑ ውስጥ ያለው አየር ደግሞ በቀዳዳው ወጣ ገባ እያለ ወፍራሙን ድምፅ ያግዛል። በክራር ገበቴ ላይ ስስ ቆዳ የሚወጠረውም በዚሁ ምክንያት ነው። ልዩነቱ ቆዳ ጥንካሬውን የሚያገኘው ከመወጠሩ ሲሆን፣ እንጨት ግን ከራሱ ውፍረት ማግኘት ያለበት መሆኑ ነው። ስድስት የናይለን ክሮች በድምሩ ወደ 40 ኪሎ በሚጠጋ ኃይል ሳንቃውን ይስቡታል፤ የብረት ክር ሲሆን ኃይሉ 70 ኪሎ ገደማ ይደርሳል። ሳንቃው በጣም ከሳሳ ይጎብጣል፤ በጣም ከወፈረ ድምፁ ይታፈናል። የጊታር ሠሪ ሥራ እነዚህን ሁለት የማይስማሙ ፍላጎቶች ማስታረቅ ነው።

እርቁ የሚገኝበት ቦታ እጅግ ጠባብ ነው። የአንድ ሳንቃ ውፍረት እጥፍ ሲሆን መታጠፍን የሚቋቋምበት ጥንካሬ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ሲሳሳም በዚያው ልክ ይወድቃል፤ 3 ሚሊሜትር የነበረ ሳንቃ 2.5 ሚሊሜትር ሲደርስ ክብደቱ የሚቀንሰው 17 በመቶ ብቻ ሲሆን ጥንካሬው ግን 42 በመቶ ይወርዳል። ግማሽ ሚሊሜትር ማለት ጥቂት የመላጊያ ፍቅፋቂ ነው። ከሳንቃው ሥር የሚጣበቁት ደጋፊ ዘንጎችም በዚሁ ሕግ ይገዛሉ፤ የአንዱ ዘንግ ቁመት በግማሽ ቢቀነስ ጥንካሬው ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። ቶሬስ በብዙ ጊታሮቹ ላይ ሰባት ቀጫጭን ዘንጎችን እንደ ማራገቢያ ዘርግቶ ሳንቃውን ከተለመደው ማሳሳት የቻለው ይህን ስለተረዳ ነው።

ሥራው በቅርብ ሲታይ እንዲህ ነው። ሠሪው ሳንቃውን በሁለት ጣቶቹ ከጠርዙ ገባ ብሎ ያንጠለጥለውና በሌላው እጁ አውራ ጣት ሥጋ መሃሉን መታ ያደርገዋል። ገና ወፍራም ሳለ የሚሰማው አጭርና ደረቅ ኳኳታ ነው። ይልጋል፤ እንደገና ይመታል። ድምፁ ቀስ በቀስ ወደ ታች ይወርዳል፤ ይረዝማል፤ በመጨረሻም እንደ ደወል ማስተጋባት ይጀምራል። ከዚያ ሳንቃውን በሁለት እጁ ይዞ በመጠኑ ያጎብጠዋል፤ በእንጨቱ መስመር ርዝመትና በአግድሙ ምን ያህል እንደሚለመጥ በጣቱ ይመዝናል። ከዛፍ ዛፍ፣ ከአንድ ግንድም ከሳንቃ ሳንቃ ጥንካሬ ስለሚለያይ ለሁሉም የሚሆን አንድ ቁጥር የለም። ካሊፐር ውፍረቱን ይነግረዋል እንጂ መቼ እንደሚበቃ አይነግረውም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ ከሳንቃ ላይ የተላገ ግን ፈጽሞ አይለቀምም።

እንጨቱስ ምንም ዋጋ የለውም ማለት ነው? ለጀርባና ለጎን ከሚታሰበው እጅግ ያነሰ ዋጋ እንዳለው ማስረጃው ብዙ ነው። በእንግሊዝ የላንካስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት ስድስት የብረት ክር ጊታሮች በአንድ ዓይነት አሠራር ተሠሩ፤ የተለያዩት በጀርባና በጎን እንጨታቸው ብቻ ነበር። ከእጅግ ውዱ የብራዚል ሮዝውድ ጀምሮ ርካሾቹም ተካተዋል። 52 ጊታር ተጫዋቾች የእንጨቱን ዓይነት ማየት በማይችሉበት ሁኔታ ተጫውተው ሲፈርዱ፣ ለድምፃቸው የሰጡት ነጥብ ተቀራራቢ ሆነ። ከዚያ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1995 አሜሪካዊው ጊታር ሠሪ ቦብ ቴይለር የጭነት ፓሌት እንጨት ፈልቅቆ የአንድ ጊታር ጀርባና ጎን ሠርቶበታል፤ መልእክቱም የሠሪው ጥበብ ከእንጨቱ ስም ይበልጣል የሚል ነበር። የፍላሜንኮ ጊታር ታሪክም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ያ ደረቅና ጩኸታም ድምፁ የተወደደለት መሣሪያ በልማድ ጀርባው የሚሠራው በስፔን በቀላሉ ይገኝ ከነበረው ሳይፕረስ ነው። የዚሁ ዛፍ የቅርብ ዘመድ በአገራችን ደጋ ሁሉ ተተክሎ የፈረንጅ ጥድ የሚባለው ነው። ሮዝውድን ፍለጋ መድከም አሁን የሕግም ጥያቄ ሆኗል፤ የብራዚሉ ዝርያ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ዓለም አቀፍ ንግዱ በጥብቅ ተከልክሏል። አናጢዎቻችን የሚወዱት ዋንዛ ወይም በደንብ የደረቀ የፈረንጅ ጥድ ለአንድ ጀማሪ የጊታር ጀርባ የማይሆንበት የድምፅ ምክንያት አይታየኝም።

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሳል። ታላላቅ ሠሪዎች እስከ ዛሬ ምርጥ እንጨት የሚያሳድዱት ሞኝ ሆነው ነው ወይ? አይደለም፤ ማስረጃውም ከልኩ በላይ መለጠጥ የለበትም። የካርቶኑ ጊታር የሚያረጋግጠው ጀርባና ጎን የድምፁ ዋና ምንጭ አለመሆናቸውን ነው፤ ፊት ሳንቃው ከምንም ይሁን አይልም። ቶሬስ ራሱ ለፊቱ የመረጠው ጥሩ ስፕሩስ ነበር። ስፕሩስና ሴዳር የተወደዱት ለክብደታቸው ሲነጻጸሩ እጅግ ጠንካራ ስለሆኑ ነው። ሳንቃው ከግንዱ እምብርት ወደ ቅርፊቱ በሚሄድ አቅጣጫ የተሰነጠቀ፣ መስመሩ ቀጥ ያለና ለዓመታት የደረቀ መሆን አለበት፤ በዚህ ላይ መቆጠብ አይገባም። ሮዝውድም ቢሆን ውበት አለው፤ ውበት ደግሞ ሰው ለሚያቅፈው መሣሪያ ተራ ነገር አይደለም። ብቻ ለዓይን የተከፈለው ዋጋ ለጆሮ የተከፈለ ተደርጎ አይቆጠር። አቅሙ ውሱን የሆነ ሰው ገንዘቡን ፊት ሳንቃው ላይ፣ ጊዜውን ደግሞ ማሳሳቱ ላይ ቢያውል ትክክለኛውን ምርጫ አድርጓል።

ሁለተኛው ስጋት ማሽን ነው። ጊታር ሲታይ በጣም አስቸጋሪ የሚመስለው የጎኑ ቅርጽ ነው፤ ደረቅ እንጨት እንዴት እንደ ወገብ ይታጠፋል? መልሱ ሙቀትና እርጥበት ነው። ወደ 2 ሚሊሜትር የሳሳ የጎን ሳንቃ በውሃ ይረጥባል፤ ከዚያ በውስጡ እሳት በሚነድድበት ወይም በኤሌክትሪክ በሚሞቅ የብረት ቱቦ ላይ ይደረጋል። ጠብታ ውሃ ቱቦው ላይ ሲወድቅ እየዘለለ ከተነነ ሙቀቱ ደርሷል። የእንጨቱን ቃጫዎች አጣብቆ የያዘው ተፈጥሯዊ ሙጫ ሲሞቅ ይለሰልሳል፤ መጀመሪያ እምቢ ሲል የነበረው ሳንቃ ድንገት ከእጅ በታች ሲለዝብ ይሰማል፤ ሲቀዘቅዝም የያዘውን ቅርጽ አይለቅም። ቀጭን ቆርቆሮ ከጀርባው መደገፍ እንዳይሰበር ይረዳዋል። ሌላው መሣሪያ በማንኛውም አናጢ ቤት ያለ ነው፦ መላጊያ፣ መሮ፣ ጥርሱ ደቃቅ መጋዝ፣ ሞረድ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ ኮላና ኮላው እስኪደርቅ አጥብቆ የሚይዝ ማሰሪያ። የሳጥኑን ቅርጽ የሚጠብቀውን ፎርም ከወፍራም ኮምፔንሳቶ ቆርጦ ማዘጋጀት ይቻላል።

በአንድ ቦታ ግን ጆሮም ጣትም ሥልጣን የላቸውም፤ እሱም በአንገቱ ላይ በአግድም የሚገቡት ቀጫጭን ብረቶች፣ የፍሬቶቹ፣ ልኬት ነው። ከአንገቱ ጫፍ እስከ ብሪጁ ያለው የክር ርዝመት፣ በክላሲካል ጊታር በአብዛኛው 650 ሚሊሜትር፣ ለ17.817 ይካፈላል፤ የመጀመሪያው ፍሬት ከአንገቱ ጫፍ 36.48 ሚሊሜትር ላይ ይውላል። የቀረው ርዝመት ደግሞ እንደገና ለዚያው ቁጥር ይካፈላል፤ እንዲህ እየተባለ 12ኛው ፍሬት ላይ ሲደረስ ልክ ግማሹ ላይ 325 ሚሊሜትር ይሆናል። ይህ ቁጥር የመጣው አንድ ኦክታቭ በ12 እኩል እርምጃዎች ከመከፈሉ ነው። ፍሬቱ አለቦታው ከገባ የዓለም ምርጡ ሳንቃ ጊታሩን ከመዛነፍ አያድነውም። ደግነቱ ሂሳቡ ለሁሉም እኩል ነው፤ የብረት ማስመሪያ፣ የሾለ እርሳስና ትዕግሥት ያለው ሰው ከፋብሪካ እኩል ሊለካው ይችላል።

ታዲያ ፋብሪካው በርካሽ እየሸጠ መድከሙ ለምን ያስፈልጋል? ተቃውሞው እውነት አለበት። በቤት የሚሠራ የመጀመሪያ ጊታር ከሱቁ ርካሽ አይሆንም፤ በአጨራረስ ጥራትም በኮምፒውተር የሚመራ ማሽን ከጀማሪ እጅ ይበልጣል። ነገር ግን በርካሽ የሚያመርት ፋብሪካ እያንዳንዱን ሳንቃ እያንኳኳ አይለይም፤ ሁሉንም በአንድ ውፍረት ይቆርጣል። የተሸጠው ጊታር ተሰብሮ እንዳይመለስበትም ውፍረቱን ከሚያስፈልገው ከፍ ያደርጋል። ጠንካራው ሳንቃ ሊሳሳ ሲችል ወፍራም ሆኖ ይቀራል፤ ድምፁም አብሮ ይታሰራል። የቤት ሠሪው ብልጫ በዚህች ክፍተት ውስጥ ነው፤ በእጁ ያለው አንድ ሳንቃ ስለሆነ ለዚያ ሳንቃ ብቻ የሚሆነውን ልክ የመፈለግ ጊዜ አለው።

ስህተት መምጣቱም አይቀርም። እንጨት አየሩ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ይህም በአግድሙ ይብሳል። በክረምት እርጥበት የተጣበቀ ፊት ሳንቃ የበጋው ደረቅ አየር ሲመጣ መኮማተር ሲፈልግ ዘንጎቹ አስረው ይይዙታል፤ ያን ጊዜ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ዘንጎቹን ማጣበቅ የሚገባው የአየሩ እርጥበት ከ45 እስከ 50 በመቶ ሲሆን ነው፤ ርካሽ የእርጥበት መለኪያ ከብዙ ውድ መሣሪያ ይበልጣል። ለጀማሪ በቅርብ የሚገኝ እንጨት የሚመከርበት ሌላው ምክንያትም ይኸው ነው፤ ውድ ሳንቃ የያዘ ጀማሪ ማበላሸትን ፈርቶ ወፍራም ይተወዋል፤ ሲበላሽ የማያስከፋ ሳንቃ የያዘ ግን ማሳሳቱን እስከ መጨረሻው ልክ ማድረስን ይማራል።

ቶሬስ በስተርጅናው ወደ አልሜሪያ ተመልሶ በገዛ ቤቱ ጊታር ሲሠራ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1892 አረፈ። የቅርብ ወዳጁ የነበረ ቄስ ከዓመታት በኋላ እንደመሰከረው፣ ምሥጢሩን ለሌላ እንዲያወርስ ሲጠየቅ ማውረስ እንደማይቻል ይናገር ነበር፤ ሳንቃው መብቃቱን የሚነግሩት የአውራ ጣቱና የሌባ ጣቱ ጫፎች ናቸውና። ይህ ብዙዎችን ተስፋ ሊያስቆርጥ ይችላል፤ እኔ ግን የሚያበረታ ንግግር ሆኖ አገኘዋለሁ። ምሥጢሩ በሮዝውድ ወይም በማሽን ውስጥ ቢሆን ኖሮ የሚገዛው ባለጸጋ ብቻ ይሆን ነበር። ጣት ግን ሁሉም አለው፤ ያንን ፍርድ የሚማረውም ሳንቃ አንስቶ ሲልግ፣ ሲመታና ሲያዳምጥ ነው።