ተጨማሪ መረጃ፦ ተምቹ በዳንግላ ስንት ቀን፣ በእንጅባራ ስንት ቀን?

የአሜሪካ መጤ ተምች በአገራችን መጀመሪያ የታየው በ2009 ዓ.ም. ነው። የነፍሳት የሰውነት ሙቀት ከአካባቢያቸው ጋር ስለሚወጣና ስለሚወርድ፣ እድገታቸውን ከቀን ቆጠራ ይልቅ ሙቀት ይወስነዋል። በ2020 እ.ኤ.አ. የታተመ የደቡብ አፍሪካ ጥናት እንዳሳየው ተምቹ ከ12.6 ዲግሪ ሴልሽየስ በታች አያድግም፤ ከእንቁላል ተነስቶ የእሳት እራት ለመሆን ደግሞ 392 ያህል «ዲግሪ ቀን» (በየቀኑ ከ12.6 በላይ የሚገኘው ሙቀት ድምር) ማጠራቀም አለበት።

ቀናት = 392 ÷ (አማካይ ሙቀት − 12.6)

የአንድ የዳንግላ በቆሎ ማሳ አማካይ ሙቀት ለምሳሌ 18 ዲግሪ ነው እንበል። 392 ÷ 5.4 ወደ 73 ቀን ይሰጣል። እንጅባራ ከዳንግላ 400 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ይቀንሳል ብንል ሙቀቱ 15.4 ይሆናል። መልሱ 140 ቀን! ሙቀቱ በ2.6 ዲግሪ ብቻ ቢቀንስ ጊዜው እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። (አማካይ ቁጥር የቀኑን ፀሐይና የሌሊቱን ቁር ስለሚደብቅ፣ ጠንቃቃ ስሌት በየሰዓቱ ይሠራል።)

የብዛቱ ቀመር ሌላ ነው። አንዲት እንስት ከ1,000 በላይ እንቁላል ልትጥል ስለምትችል፣ ገደብ የሌለው የኤክስፖኔንሻል ቀመር ሁለቱ ከተሞች ያሉበትን አዊ ዞን በጥቂት ትውልድ በተምች ይሞላዋል። የበቆሎው ለጋ ቅጠል ሲገለጥ ግን ብዙ ጊዜ የሚገኘው አንድ ትልቅ ትል ነው፤ ግንባሩ ላይ የተገለበጠ የእንግሊዝኛ «ዋይ» የመሰለ ምልክት አለው። ትሎቹ እርስ በርስ ይበላላሉ! ቤልጅየማዊው ቬርሁልስት በ1838 እ.ኤ.አ. ያቀረበው የሎጂስቲክ ቀመር፣ ብዛት ራሱ እድገትን የሚያዘገይበትን እንዲህ ያለ ሁኔታ ያሰላል።