ከጋይንት የሚሄደው አፈር ዋጋው ስንት ነው?

አርብ ገበያ ስሟ እንደሚናገረው የገበያ ከተማ ናት። የታች ጋይንት ገበሬ ጤፉንና ማሽላውን ያወጣል፤ ነጋዴው ተደራድሮ ይገዛል፤ ደላላውም የድለላውን ይቀበላል። ከዚሁ አካባቢ ግን በየክረምቱ በገፍ የሚጓዝ፣ ማንም የማይመዝነውና ዋጋ የማይቆርጥለት ሌላ ሀብት አለ። እሱም አፈር ነው።

የታች ጋይንትና የስማዳ ተዳፋት ጎርፍ ወደ በሽሎ ይወርዳል፤ በሽሎም አባይን ይቀላቀላል። ከጉና ተራራ የሚነሳው ጉማራ ደግሞ ደለሉን ይዞ ጣና ይገባል።

ሁለቱም ወገን ከሳሪ

በዚህ ጉዞ ላኪውም ተቀባዩም ይከስራሉ። ገበሬው አፈሩ በሳሳ ቁጥር ምርቱ ይቀንሳል፤ ነጋዴውም የሚጭነው ኩንታል ያንሰዋል። በታችኛው በኩል እ.ኤ.አ. በ1966 የተጠናቀቀው የሱዳን ሮዛሪስ ግድብ ውሃ ከሚይዝበት ቦታ ከሲሶ በላይ የሚሆነውን ደለል ወስዶበታል። የገዚራን የመስኖ ቦዮች ለመጥረግም ገንዘብ ይፈሳል። እ.ኤ.አ. መስከረም 9 ቀን 2025 የተመረቀው የህዳሴ ግድብ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል። ስለዚህ ዛሬ ደለሉን ከሚቀበሉት አንዷ ራሷ ኢትዮጵያ ናት።

እስካሁን የተሠራው

የናይል ተፋሰስ ኢኒሼቲቭ እ.ኤ.አ. በ1999 ተቋቋመ፤ የምሥራቅ ናይል ጽሕፈት ቤቱም አዲስ አበባ ነው። በጣና በኩል በዓለም ባንክና በፊንላንድ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2008 የተጀመረው የጣናና በለስ ፕሮጀክት በጉማራና በርብ ተፋሰሶች የአፈር ጥበቃ ሥራ አካሂዷል። በታች ጋይንትና በስማዳ ደግሞ በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ችግረኛውን ገበሬ እርከንና ክትር እያሠራ በጥሬ ገንዘብ ወይም በእህል ከፍሎታል።

የተፋሰሱ የትብብር ማዕቀፍ ስምምነት እ.ኤ.አ. ጥቅምት 13 ቀን 2024 በሥራ ላይ ውሏል። ያጸደቁት ኢትዮጵያ፣ ሩዋንዳ፣ ታንዛኒያ፣ ኡጋንዳ፣ ቡሩንዲና ደቡብ ሱዳን ናቸው። ግብፅና ሱዳን አልገቡበትም። የደለሉ ዋነኛ ጉዳተኛ የነበረችው ሱዳን ከውሉ ውጭ መሆኗ የትብብሩ ትልቁ ቀዳዳ ነው።

እርዳታ ወይስ ክፍያ?

ዋናው ጥያቄ ግን እርከኑን ነገ የሚጠግነው ማነው የሚለው ነው። እርዳታ በለጋሹ ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ከሴፍቲኔቱ ለጋሾች አንዱ የነበረው ዩኤስኤይድ እ.ኤ.አ. በ2025 ሥራውን ማቆሙ ይህን በግልጽ አሳይቷል። እርከን ደግሞ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚተው አይደለም፤ ክረምቱ ያፈርሰዋል፣ ከብት ይረግጠዋል።

ሌላው መንገድ የአገልግሎት ክፍያ ነው። የኒውዮርክ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1997 በተፈረመ ስምምነት በቢሊዮን ዶላር የሚቆጠር የውሃ ማጣሪያ ከመገንባት ይልቅ ከላይ ያሉት ገበሬዎች መሬታቸውን እንዲጠብቁ መክፈልን መርጣለች። ያደረገችው ለጽድቅ ሳይሆን ስለሚያዋጣት ነው። በእኛም ዘንድ ከመብራትና ከመስኖ ከሚገኘው ገቢ ጥቂቱ ለላይኛው ተፋሰስ ቢመደብ፣ የጋይንት ገበሬ ተረጂ መሆኑ ቀርቶ አገልግሎት ሻጭ ይሆናል። ከብት እንዳይገባበት የተከለለው ተራራ ሣርና ማር ከሰጠውም ለጥበቃው የራሱ ምክንያት ይኖረዋል።

ነጋዴው ይህን የመንግሥታት ጉዳይ ነው ብሎ ሊተወው አይገባም። የእህል መጋዘኑ የሚሞላው ከዚያው ተዳፋት ነው። አፈሩ ከሄደ ገበያው በስሙ ብቻ ይቀራል።